ድምፅ ከሥራ ጋር ሲሄድ፦ ስለ ስፖርት መኪና የኤግዞስት ቫልቭ

ስለ ስፖርት መኪና ድምፅ ሲነሣ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ምን ያህል እንደሚጮኽ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም የነገሩን ጥቂት ክፍል ብቻ የሚነካ ይመስለኛል። ሁለት መኪናዎች በዴሲቤል መለኪያ ላይ እኩል ቁጥር አስመዝግበው፣ አንዱ ጆሮ የሚያደክም፣ ሌላው ደግሞ መንገድ ዳር የቆመን ሰው ዞር ብሎ እንዲያይ የሚያስገድድ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ በመጀመሪያ የሚመነጨው ከሞተሩ አሠራር ነው፤ ቀጥሎም ጭሱ ከሲሊንደሩ ወጥቶ ከውጭ አየር ጋር እስኪገናኝ ድረስ ከሚያልፍበት መንገድ። ይህን መንገድ መኪናው እየሄደ ሳለ የሚቀይረው መሣሪያ፣ ማለትም በቫኪዩም (በአየር መሳብ ኃይል) ወይም በኤሌክትሪክ የሚታዘዘው የኤግዞስት (የጭስ ማውጫ) ቫልቭ፣ ዛሬ በብዙ የስፖርት መኪናዎች ላይ ይገኛል።

እኔ የምነዳው የ2019 ሥሪት ፎርድ ሙስታንግ ጂቲ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ባለ 5 ሊትር ቪ8 ሞተሩ (ስምንት ሲሊንደሮቹ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ) 460 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ ቫልቭ ያለው ኤግዞስትም ተገጥሞለታል። ሾፌሩ ከአራት ሁነታዎች አንዱን ይመርጣል፦ ጸጥተኛ፣ መደበኛ፣ ስፖርትና ትራክ (የውድድር ሜዳ)። ከዚህ መኪና ጋር መኖር ከጀመርሁ ወዲህ እየጠነከረብኝ የመጣው እምነት፣ የዚህ ቫልቭ ትልቁ ውለታ የመኪናው ድምፅ ሞተሩ ከሚሠራው ሥራ ጋር አብሮ እንዲወጣና እንዲወርድ ማድረጉ ነው የሚል ነው። ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ የሚቀር ቫልቭ ይህን ውለታ ያጣዋል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ከሞተሩ መጀመር ያስፈልጋል። በአራት ምት ሞተር ውስጥ እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚያቃጥለው ክራንክ ሻፍቱ (የፒስተኖቹን ግፊያ ወደ ዙር የሚቀይረው ዘንግ) ሁለት ጊዜ በዞረ ቁጥር አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር አራት ጊዜ ያቃጥላል ማለት ነው። በደቂቃ 2000 ዙር ሲሽከረከር በሰከንድ 133 ያህል ምቶች ወደ ጭስ ማውጫው ይገባሉ፤ የእኔ ሞተር ጣሪያ በሆነው 7500 ዙር ላይ ደግሞ ቁጥሩ 500 ይደርሳል። ጆሮ እነዚህን ምቶች አንድ በአንድ መለየት ስለማይችል እንደ አንድ ቃና ይሰማቸዋል። ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር ድምፁ የሚቀጥነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ የአሜሪካ ቪ8 ድምፅ ከሌላው የሚለየው በምቶቹ ብዛት ሳይሆን በአሰላለፋቸው ነው። የሙስታንጉ ሞተር የሚያቃጥልበት ቅደም ተከተል 1፣ 5፣ 4፣ 8፣ 6፣ 3፣ 7፣ 2 ነው። ከአንድ እስከ አራት ያሉት ሲሊንደሮች በቀኙ ረድፍ፣ ከአምስት እስከ ስምንት ያሉት በግራው ረድፍ ይገኛሉ። ተራውን ተከትሎ የሄደ ሰው እሳቱ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ እያለ ቆይቶ 8 ላይ ሲደርስ በዚያው በግራው ረድፍ 6ን ደግሞ እንደሚያቃጥል፣ መጨረሻ ላይም ከ2 ወደ 1 ሲመለስ በቀኙ ረድፍ ሁለት ጊዜ በተከታታይ እንደሚያቃጥል ያስተውላል። ሞተሩ በጠቅላላው በየ90 ዲግሪው እኩል ቢያቃጥልም፣ አንዱን ረድፍ ብቻ ለይተን ብናዳምጥ በምቶቹ መካከል ያለው ርቀት 180፣ 270፣ 180፣ 90 ዲግሪ እየሆነ ይመጣል። ያ የምናውቀው የሚንከባለል ጉርምርምታ የሚወለደው ከዚህ ካልተስተካከለ እርምጃ ነው። ጠፍጣፋ ክራንክ (ክንዶቹ በ180 ዲግሪ ተለያይተው በአንድ ጠለል ላይ የተሰለፉ ክራንክ ሻፍት) ያላቸው ቪ8ዎች፣ ለምሳሌ ፌራሪ 458 ወይም የ2023ቱ ኮርቬት ዜድ06፣ በእያንዳንዱ ረድፍ በየ180 ዲግሪው እኩል ስለሚያቃጥሉ ጉርምርምታው ይጠፋና በምትኩ የጠራ፣ ወደ ላይ የሚጮኽ ድምፅ ይመጣል። የትኛውም ቫልቭ አንዱን ሞተር ወደ ሌላው ሊቀይረው አይችልም። ቫልቭ የሚሠራው ሞተሩ በሰጠው ላይ ነው።

ምቱ ከሲሊንደሩ ሲወጣ ፍሙ ገና አልበረደም። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አየር ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ሙቀቱ 400 ዲግሪ በሆነ ጋዝ ውስጥ ግን 520 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ቧንቧው በሞቀና በቀዘቀዘ ጊዜ አንድ ዓይነት ድምፅ አይሰጥም። ምቱ በካታሊስቱ (ከጭሱ መርዛማ ጋዝ በሚቀንሰው ዕቃ) ቀዳዳዎች ውስጥ ሲያልፍ ስለቱ ይቀንሳል። ሁለቱ ረድፎች መሃል ላይ የሚገናኙበት መጋጠሚያ ካለ እዚያ ይደባለቃል፤ ከዚያም ማርሚታው ውስጥ ይገባል። ማርሚታ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንዱ፣ ሞገዱን ከክፍል ወደ ክፍል እያጋጨና ወደ ኋላ እየመለሰ እርስ በርሱ እንዲጠፋፋ ማድረግ ነው። ሌላው፣ ዙሪያውን በታጨቀው ሙቀት የሚችል ቃጫ ከፍተኛውን ቃና መምጠጥ ነው። ጸጥ ያለ መኪና ለመሥራት ብዙ ክፍልና ረጅም መንገድ ያስፈልጋል፤ ይህም ጋዙ በከፍተኛ ዙር ላይ በነፃነት እንዳይወጣ ያግደዋል።

ቫልቩ የገባው ይህን እርስ በርሱ የሚጋጭ ፍላጎት ለማስታረቅ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ጋራዥ ያላቸው አንድ አባት መኪናዬን ሊፍት ላይ ሰቅለው የኋላውን ሲፈትሹ ከሥር ቆሜ አይቼዋለሁ። ማርሚታው ከሚወጣበት ቧንቧ ጎን ሙቀት በሚከላከል ቆርቆሮ የተሸፈነ፣ ከጡጫ ብዙም የማይበልጥ የኤሌክትሪክ ሞተር ተቀምጧል። ከእሱ የሚወርድ ዘንግ ቧንቧውን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ቧንቧው ውስጥ ዘንጉ ላይ አንድ ክብ ዝርግ ብረት ተበይዷል፤ በሞተሩና በዘንጉ መካከል ደግሞ ንዝረትና ሙቀት እንዳያልፍ የምትለየው ትንሽ ሞላ አለች። ዝርጉ ብረት ቧንቧውን ሲዘጋው ጭሱ በክፍሎቹ ዞሮ ይወጣል፤ ሩብ ዙር ሲዞር ደግሞ አጭሩ መንገድ ይከፈታል። «ጋሼ፣ ያን ሁሉ ለውጥ የምታመጣው ይቺ ናት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አዎ ልጄ» አሉኝ፤ «ጭስ ቀላሉን መንገድ ነው የሚመርጠው። ቀላሉን ካሳየኸው በሌላው አይሄድም።»

ሲከፈት የሚሰማው ለውጥ የድምፅ መጨመር ብቻ አይደለም። ሌሊት ማሕሌት ሲቆም ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ያለ ሰው በሩ እንደተዘጋ የሚሰማው የከበሮውን ምት ነው፤ በሩ ሲከፈት ግን ጸናጽሉና የሊቃውንቱ ዜማ አብረው ይወጣሉ፤ ከበሮውን የሚመታው እጅ ግን አልበረታም። በቫልቩም የሚሆነው ይኸው ነው። ሲዘጋ በአብዛኛው መሠረቱ፣ ማለትም ዝቅተኛው ቃና ይቀራል። ሲከፈት በመሠረቱ ላይ የሚደረቡት ከፍተኛ ቃናዎች ይመለሳሉ፤ የምቶቹ ስለት ይመለሳል፤ ያ በሁለቱ ረድፎች መካከል ያለው ያልተስተካከለ እርምጃም ጎልቶ ይወጣል። ሞተሩን የምታውቀው ያኔ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጉልበት አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ ብዙ ሰው ይህን ኤግዞስት የሚገዛው ጉልበት ይጨምራል ብሎ ነውና። የኮርቬት ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው። የ2008ቱ ኮርቬት መደበኛ ኤግዞስት ይዞ 430 የፈረስ ጉልበት ሲሰጥ፣ ባለ ቫልቩን አማራጭ ይዞ 436 ይሰጥ ነበር። በ2014ቱ ቁጥሩ ከ455 ወደ 460፣ በ2020ው ደግሞ ከ490 ወደ 495 ከፍ ብሏል። በሦስት ትውልድ ውስጥ ትርፉ አምስት ወይም ስድስት የፈረስ ጉልበት ነው። ይህን በመንገድ ላይ የሚለይ ሾፌር አለ ብዬ አላምንም። ለድምፁ ብሎ የገዛ ሰው ገንዘቡ ዋጋ አግኝቷል፤ ለጉልበት ብሎ የገዛ ግን ያልተጻፈለትን ውል ፈርሟል።

ዋናው ጥያቄ ቫልቩ መቼ ይከፈት የሚለው ነው፤ የአንድ አምራች ጆሮ የሚመዘነውም እዚህ ላይ ነው። ኮምፒዩተሩ የሞተሩን ዙር፣ የፔዳሉን ርግጫ፣ የገባውን ማርሽ፣ የመኪናውን ፍጥነትና የተመረጠውን ሁነታ አይቶ ይወስናል። ፔዳሉ በቀስታ ተረግጦ መኪናው በአውራ ጎዳና ላይ በእኩል ፍጥነት ሲጓዝ ቫልቩ መዘጋት አለበት፤ ምክንያቱም በ2000 ዙር አካባቢ የሚወጣው 133 ኸርዝ (በሰከንድ 133 ምት) እና የእሱ ግማሽ የሆነው 67 ኸርዝ የመኪናውን ክፍል አየርና ጣሪያ ለማንቀጥቀጥ ይመቻሉ። ያ ንዝረት ድምፁ ከፍ ያለ ባይመስልም ከረጅም ጉዞ በኋላ ጭንቅላት ውስጥ የሚቀር ጉምጉምታ ይሆናል። አንዳንድ ሞተሮች ነዳጅ ለመቆጠብ ግማሹን ሲሊንደር ሲያጠፉ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ምቶቹ በግማሽ ስለሚቀንሱ ጉምጉምታው ይበልጥ ወደ ታች ይወርዳል። በሰባተኛው ትውልድ ኮርቬት ውስጥ ቫልቮቹ ከሚሠሩት ሥራ አንዱ ቪ8ቱ በአራት ሲሊንደር በሚሄድበት ጊዜ ይህን ድምፅ ማፈን ነበር። እንግዲህ ቫልቭ ለማስጮህ ብቻ የተፈጠረ አይደለም፤ ብዙውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ተዘግቶ ነው፤ ተዘግቶም የሚሠራው ሥራ አለው።

ይህ አሠራር ወደ ፍጹምነት የተጠጋበትን መኪና ጥቀስ ብባል ሌክሰስ ኤልኤፍኤን እጠቅሳለሁ። ከ2010 መጨረሻ እስከ 2012 መጨረሻ ድረስ 500 ብቻ ተሠርቷል። ባለ 4.8 ሊትር ቪ10 ሞተሩ እስከ 9000 ዙር ይሄዳል፤ እዚያ ላይ ምቶቹ በሰከንድ 750 ናቸው። ድምፁን ያጠኑት የያማሃ ባለሙያዎች ነበሩ። የቲታኒየም ማርሚታው ቫልቭ ከ3000 ዙር በታች ጭሱን በብዙ ክፍሎች ያዞረዋል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን በአንድ ክፍል ብቻ አልፎ በቀጥታ እንዲወጣ ይለቀዋል። ሞተሩ አየር የሚስብበት ክፍልም ድምፁ ወደ ሾፌሩ እንዲመጣ ሆኖ ተቀርጿል። እዚህ ውስጥ በድምፅ ማጉያ የተጨመረ ነገር የለም፤ የሚሰማው ሁሉ እዚያው ሞተር ውስጥ የተፈጠረ ነው። ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው የተከበረ ዝምታ፣ ለሚጠይቀው ደግሞ ሙሉ መልስ መስጠቱ ለእኔ የዚህ ሙያ ከፍታ ነው።

በአውሮፓ ቫልቩ መቼ እንደሚከፈት የሚወስነው የአምራቹ ጆሮ ብቻ አይደለም፤ ሕጉም አብሮ ይወስናል። በመደበኛው ፈተና መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ እየተጓዘ መጥቶ በተወሰነ ቦታ ላይ ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ይረገጣል፤ ከመንገዱ መሃል 7.5 ሜትር ርቀው የቆሙ ማይክሮፎኖችም ድምፁን ይመዘግባሉ። የአውሮፓ ኅብረት በ2014 ያወጣው ደንብ ለተራ መኪናዎች የተፈቀደውን መጠን ከ72 ወደ 70፣ ከዚያም ወደ 68 ዴሲቤል በደረጃ ያወርደዋል። ከክብደታቸው አንጻር ትልቅ ጉልበት ላላቸው ዝቅተኛ የስፖርት መኪናዎች የተፈቀደው ከዚህ ትንሽ ከፍ ቢልም፣ እሱም ከ75 ወደ 74፣ ከዚያም ወደ 72 ይወርዳል። በፈተናው ፍጥነት ላይ ተዘግቶ ከፈተናው ወሰን እንደወጣ የሚከፈት ቫልቭ ለአምራቾች ምቹ መንገድ እንደነበር የታወቀ ነው፤ ስለዚህም ሕጉ ከ20 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት ውስጥ ተጨማሪ ፍተሻ ጨምሯል። ከ2018 ወዲህ ደግሞ በአውሮፓ የሚሸጡ ብዙ የቤንዚን መኪናዎች ደቃቅ ጥላሸት የሚይዝ ማጣሪያ ስለተገጠመላቸው ምቱ ማርሚታው ጋር ከመድረሱ በፊት ለስልሷል። በአሜሪካ ለአዲስ የቤት መኪና እንዲህ ያለ የፌዴራል የድምፅ ወሰን የለም፤ ጉዳዩ ለየክፍለ ግዛቱ የተተወ ነው፤ ካሊፎርኒያ ለምሳሌ ለቤት መኪና ኤግዞስት 95 ዴሲቤልን ወሰን አድርጋለች። ለዚህ ነው አንድ ሞዴል በሁለቱ አህጉራት ሁለት ድምፅ የሚኖረው። የአውሮፓ ሕግ መኪና ወዳጆችን እንደሚያስቆጣ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ከመንገድ ዳር የሚኖር ሰው የመተኛት መብት ከእኔ ደስታ በፊት ይመጣል ብዬ አምናለሁ።

ይህን የምለው በጽንሰ ሐሳብ ብቻ አይደለም። እሑድ ለቅዳሴ የምወጣው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው፤ ከእኔ ጋር ግድግዳ በሚጋራው ቤት ደግሞ ሕፃን አለ። ቀዝቃዛ ቪ8 ሲነሣ ካታሊስቱን ለማሞቅ ዙሩን ከፍ አድርጎ ስለሚጀምር ከቀኑ ሁሉ ጩኸት የሚከፋው ያ የመጀመሪያው ደቂቃ ነው። ፎርድ ጸጥተኛውን ሁነታ ለ2018ቱ ሙስታንግ ሲያስተዋውቅ የሐሳቡን መነሻ ራሱ ተናግሯል፦ የኩባንያው የምህንድስና ኃላፊ የነበረ ሰው በዲትሮይት አቅራቢያ ሼልቢ ጂቲ350 መኪናውን ከቤቱ ሲያወጣ፣ በድምፁ የተማረረች ጎረቤት ፖሊስ ጠራችበት። ኩባንያው ባወጣው መግለጫ መሠረት ሞተሩ ሲነሣ 82 ዴሲቤል የነበረው ድምፅ በጸጥተኛው ሁነታ ወደ 72 ይወርዳል። አሥር ዴሲቤል ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ለሰው ጆሮ ግን ድምፁ በግማሽ እንደቀነሰ ያህል ነው። ሰዓቱንም አስቀድሞ መወሰን ስለሚቻል እኔ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት በጸጥታ እንዲነሣ አድርጌ ትቼዋለሁ። ከመኪናው ዕቃዎች ሁሉ በጣም የማመሰግነው ይህን ነው።

ከዚህ በተቃራኒ የሚሄዱ አሉ። በስድስተኛው ትውልድ ኮርቬት ላይ ቫልቩን የሚዘጋው በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ቫኪዩም ስለነበር ፊውዙን የነቀለ ሰው ቫልቩን ሁልጊዜ ክፍት ማድረግ ይችል ነበር፤ ብዙዎችም አድርገውታል። በገዛ መኪናቸው የፈለጉትን ማድረግ መብታቸው ነው፤ ነገር ግን የሚያጡት ነገር እንዳለ ልብ እንዲሉልኝ እወዳለሁ። ወደ አውራ ጎዳና የሚያስገባውን ዳገት ስወጣ በሁለተኛ ማርሽ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ስረግጥ፣ ታፍኖ የነበረው ድምፅ በመሃል ተከፍቶ ከኋላዬ ሲነሣ የሚሰማኝ ደስታ ያለው በለውጡ ውስጥ ነው። ቀድሞውኑ ክፍት በሆነ ኤግዞስት ይህ ለውጥ የለም፤ ድምፁ ሥራ ቢኖርም ባይኖርም አንድ ነው፤ ጆሮም ብዙ ሳይቆይ መስማት ይተወዋል። እግር ከፔዳሉ ሲነሣ ሆን ተብሎ ነዳጅ እየተረጨ የሚፈጠረውን ፍንዳታም በዚሁ ምክንያት አልወደውም፤ ሞተሩ ምንም በማይሠራበት ሰዓት የሚመጣ ድምፅ ነው።

በድምፅ ማጉያ ስለሚመጣው ድምፅ ያለኝ ቅሬታም ከዚህ የተለየ አይደለም። ቢኤምደብልዩ በ2011 ያወጣው ኤም5 ክፍሉ በጣም ጸጥ ያለ ስለነበር የሞተሩን ድምፅ በስቴሪዮው በኩል ወደ ውስጥ ያመጣ ነበር። ዶጅ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ቻርጀር ዴይቶና ከኋላው የድምፅ ክፍል ሠርቶለት እስከ 126 ዴሲቤል እንዲጮኽ አድርጎታል። የመሐንዲሶቹን ድካም አከብራለሁ፤ ግን እዚያ ውስጥ የሚቃጠል ነገር የለም። ለዘመኑ የሚስማማው መልስ የ2024ቱ ኮርቬት ኢ-ሬይ ይመስለኛል፤ ከፊት ባለው የኤሌክትሪክ ሞተር በሰዓት እስከ 72 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ድረስ ቪ8ቱን ሳያስነሣ ከሰፈር ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው እውነተኛው ሞተር ነው።

ያገለገለ ባለ ቫልቭ መኪና ለመግዛት ለሚያስቡ አንባቢዎች ጥቂት ልጨምር። ይህ ዕቃ የሚኖረው በእሳትና በውሃ መካከል ነው። አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ማርሚታው ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ የሚያደርቅበት ጊዜ አያገኝም፤ ክረምት ላይ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ደግሞ ከውጭ ይበላዋል። ዘንጉ ሲዝግ ቫልቩ ባለበት ይደርቃል፤ ሞላዋ ስትላላ ደግሞ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ከኋላ ቆርቆሮ የሚንኳኳ ዓይነት ድምፅ ይሰማል፤ ሲሞቅ ድምፁ ሊጠፋ ስለሚችል ሻጩ አሙቆ ካቆያችሁ አታገኙትም። ስለዚህ መኪናው ቀዝቅዞ እንዲጠብቃችሁ ጠይቁ። አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ እያዳመጠ ሁነታዎቹን አንድ በአንድ ለውጡ፤ በጸጥተኛውና በትራኩ መካከል ልዩነት ካልተሰማ ቫልቩ ደርቋል ወይም አንድ ሰው ገመዱን ነቅሎታል። ማርሚታውንና ቫልቩን አንድ ላይ አድርገው የሚሸጡ አምራቾች ስላሉ፣ ዋጋ ላይ ከመስማማታችሁ በፊት የቫልቩ ትንሿ ሞተር ብቻዋን ትለወጥ እንደሆነና እንዳልሆነ የምታምኑትን መካኒክ ጠይቁ።